ፎቅ የወጣችው ላም

አራተኛ ክፍልን ለምታስተምረው መምህርት ልጆቹ ያወጡላት ስም “አራት ነጥብ” ነው። አንዴ ከተናገረች ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መለማመጥም መነፋረቅም ዋጋ የለውም። ስሙን ሰምታዋለች። ላይ ላዩን እንዳልሰማች ሆና አለፈችው እንጂ በሆዷ ወዳዋለች፤ ድሮ የነበረችበት ትምህርት ቤት ልጆች ያወጡላት ስም “ጠመኔ” ነበርና ይሄኛው እድገት ነው።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በድርሰት ፈተና እርማት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ድርሰት የሚባለው ነገር አሠራሩ የታወቀ ነው። መምህሩ “ሞዴል” የሚሉትን ድርሰት ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ፣ ቤት ወስደው ይሸመድዳሉ፣ በፈተና ቀን ያንኑ መልሰው ያፈሱታል። አንዲት ፊደል ያልሳተ አሥር ከአሥር ያገኛል። ርዕሶቹም ከዓመት ዓመት ያው ናቸው፤ “ላም”፣ “እናቴ”፣ “ትምህርት ቤታችን”። ላም የቤት እንስሳ ናት፣ አራት እግር አላት፣ ወተት ትሰጠናለች። እንግዲህ ከዚያ ክፍል ላም በቅርብ ያየ ልጅ ቢፈለግ ሁለት ቢገኝ ነው፤ የቀሩት ፎቅ ላይ ተወልደው ፎቅ ላይ ያደጉ ናቸው። በወረቀት ላይ ግን ክፍሉ በሙሉ የአንዲት ላም ባለቤት፣ የአንዲት እናት ልጅ ነው።

አራት ነጥብም እንደ ባልደረቦቿ በዚሁ መንገድ ስትነጉድ ነው የኖረችው። ይህን ክፍል ከተረከበች ገና ብዙም ሳትቆይ፣ አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ተቀምጣ “እናቴ”ን ታርም ጀመር። የልብስ ሰፊው ልጅ ወረቀት ደረሳት። ይህቺ ልጅ መስኮት ሥር የምትቀመጥ፣ ድምጿን ስም ሲጠራ “አቤት” ከማለት በቀር ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ ጽሕፈቷ ግን ዓይን የሚያጠግብ ልጅ ናት። “እናቴ ደግ ናት” ይላል ወረቀቱ። “ዘወትር ጠዋት ፀጉሬን አበጥራ ወደ ትምህርት ቤት ትሸኘኛለች።” አንዲት ስህተት የለበትም። አራት ነጥብ በቀይ እስክሪብቶ አሥር ከአሥር ሰጥታ፣ “በጣም ጥሩ” ብላ ጽፋ፣ ከሥሩ ሁለቴ አሰመረችበት።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ተረኛ ነበረች። አንድ ሰው የልኬት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለጠለ፣ አጥሩን ተደግፎ ከአንዲት ልጅ ፀጉር ጋር ይታገላል። ማበጠሪያው ተቀርቅሮበታል፣ ሪባኑን በጥርሱ ይዟል። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ታግሳ ቆማለች። የልብስ ሰፊው ልጅ ናት።

“ምስኪን” አለች አጠገቧ የቆመችው የሦስተኛ ክፍል መምህርት። “ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ። ሁሉንም ብቻውን ነው የሚያደርገው።”

አራት ነጥብ ክው ብላ ቀረች። ልጅቱ አልዋሸችም፤ ያዘዟትን ነው የጻፈችው። ውሸቱን ሰሌዳ ላይ የጻፈችው እሷ፣ አስገልብጣ ያስሸመደደችው እሷ፣ “በጣም ጥሩ” ብላ ያሰመረችበትም እሷው ናት። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሁሉ ከገቡ በኋላም እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ክፍል ስትሄድ ግን ልቧ ቆርጧል። ከእንግዲህ ሞዴል የለም፣ አራት ነጥብ።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ወላጅ ከሚቆጣ ጣሪያው ቢያፈስ ይሻለዋል።

“አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡኝ” አለችው። “የአርብ የመጨረሻዋን።”

“እሷ እኮ የእጅ ጽሕፈት ናት።”

“እኔስ በእግራቸው ይጻፉ አልኩ? ልጆቹ ከገዛ ራሳቸው አውጥተው እንዲጽፉ ነው የምፈልገው።”

“ሞዴሉ ምን አደረገሽ? ልጆቹ ጥሩ ያመጣሉ፣ ወላጅ ደስ ይለዋል፣ አንቺም ለማረም ይቀልሻል።”

“እሱማ ይቀለኛል። ሁሉም አንድ ወረቀት ነው።”

ዳይሬክተሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ከዚህች ሴት ጋር ክርክር መግጠም ትርፉ ድካም መሆኑን ያውቃል። “እስከ ወላጆች ስብሰባ ድረስ” አለ በመጨረሻ። “እስከዚያው ግን አንድ ወላጅ ቅሬታ ካቀረበ ሰዓቷ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።”

“አንድ?”

“አንድ።”

የመጀመሪያው አርብ ጉድ ነበር። ነጭ ወረቀት አደለቻቸውና “የምትፈልጉትን ጻፉ” አለች። እጆች እንደ ጉድ ወጡ። ርዕሱ ምንድን ነው? ስንት መስመር ነው? ማስመሪያ እንጠቀም? በሰማያዊ ነው በጥቁር? ከዚያ ሁሉም እስክሪብቶውን አንስቶ ባዶውን ሰሌዳ ማየት ጀመረ። ከኋላ ወንበር፣ ስለ ሁሉ ነገር ስለሚከራከር “ጠበቃው” የሚሉት ልጅ ብድግ አለ።

“ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ ምንም የለም።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምኑን እንጻፈው?”

“የምትፈልጉትን አልኩ እኮ።”

“የምንፈልገውን እርስዎ ካልነገሩን በምን እናውቃለን?”

የልጁ ጥያቄ ቀልድ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ክፍሉም በአንድ ድምፅ ደገፈው። በሁለተኛው አርብም ያው ሆነ፤ ግማሹ ላም ጻፈ፣ ግማሹ እናቴን ጻፈ፣ አንዱ ደግሞ ሁለቱን አቀላቅሎ ላሟን ደግ አደረጋት። አራት ነጥብ ወረቀቶቹን ይዛ ቤቷ ስትገባ ደሟ ፈልቶ ነበር። በልጆቹ አልነበረም ንዴቷ።

በሦስተኛው አርብ ክፍሉ ዓይኑን ያንኑ ሰሌዳ ላይ ተክሎ ስታየው ትዕግሥቷ አለቀ። ዳስተሩን ጠረጴዛው ላይ ጠበጠበችውና፣ “በቃ! ዛሬ እውነት መጻፍ ክልክል ነው” አለች። “ዛሬ የምትጽፉት ውሸት ነው!”

ክፍሉ ከዳር እስከ ዳር በሳቅ ፈነዳ።

“እውነትዎን ነው ቲቸር?”

“እውነቴን ነው። ግን ማንንም የማይጎዳ ውሸት ይሁን። ውስጡ ደግሞ በገዛ ዓይናችሁ ያያችሁት ነገር ካልገባበት አላምናችሁም። የመጨረሻዋን አራት ነጥብ የምታደርጓትም ሲያልቅላችሁ ብቻ ነው፤ ደወል ስለተደወለ አይደለም።” ይህን ብላ ወደ ሰሌዳው ዞረችና በትልቁ “የውሸት ሰዓት” ብላ ጻፈች።

መሳሳቷ እዚህ ላይ ነው። ያቺን ቃል ተናግራት ቢሆን አየር ይወስዳት ነበር፤ ሰሌዳ ላይ የሚያየውን ሁሉ ይዞ ቤቱ እንዲሄድ ተኮትኩቶ ላደገ ልጅ ግን ጻፈችለት። በዚያች ሰዓት ይህን ማን ያስበዋል? ልጆቹ ወረቀታቸው ላይ ተደፍተው ነበር። ያን ያህል ልጅ ባለበት ክፍል ከእስክሪብቶ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም፤ አራት ነጥብም ደስታዋ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አሳጥቷት በጣቷ ጫፍ እየተራመደች በዴስኮቹ መሀል ትዘዋወር ነበር።

የመጣው ነገር ለጉድ ነው። አንዷ ልጅ፣ አያቷ ማታ አውልቀው ብርጭቆ ውስጥ የሚያስቀምጡት ጥርስ ሌሊት ሌሊት ወጥቶ ጎረቤት እንደሚያማ ጻፈች። ብርጭቆው ጠርዙ ላይ ትንሽ እንደተሸረፈ አልረሳችም፤ በዓይኗ ያየችው ነዋ። ጠበቃው ደግሞ እሱ ከተወለደ ጀምሮ ሠርቶ ስለማያውቀው የሕንፃቸው አሳንሰር ጻፈ። አንድ ቀን ሠራ፣ ግን ወደ ላይ በመሄድ ፋንታ ወደ ጎን ሄደ። በሩ ላይ የተለጠፈው “ለጊዜው አይሠራም” የሚል ወረቀት ከእርጅና ብዛት ቢጫ እንደሆነ ሳይቀር አስገብቶታል።

የልብስ ሰፊው ልጅ ግን በየአርቡ ያንኑ ትጽፋለች። ላም የቤት እንስሳ ናት። አራት እግር አላት።

አራት ነጥብ አጠገቧ ቁጢጥ ትላለች። “ላሟ ዛሬም አራት እግር አላት?”

“አዎ ቲቸር።”

“የት ነው የምትኖረው?”

ልጅቱ ታስብና፣ “ሞዴሉ ላይ አልተጻፈም” ትላለች።

ባልደረቦቿ “ተያት፣ የአንዳንዱ ልጅ ተፈጥሮው ነው” አሏት። እሷ ደግሞ መተው የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። አልተቆጣችም፣ ወረቀቱንም አልነጠቀችም፤ በየአርቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጣል አድርጋ ትሄዳለች። ላሟ ምን ትፈራለች? ማንም ሳያያት ምን ታደርጋለች? በሚቀጥለው አርብ ሌላ ጥያቄ ይዛ ትመጣለች። ከእለታት አንድ አርብ፣ ክፍሉ ሁሉ በጽሑፉ ተጠምዶ ሳለ፣ ከመስኮቱ በኩል አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

“ቲቸር፣ ላም ደረጃ ትወጣለች?”

መምህርቷ አፏን ሳትከፍት ጠበቃው ከኋላ ተቀበለ። “ትወጣለች። መውረድ ነው የማትችለው። አጎቴ ነው የነገረኝ።”

ልጅቱ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች። ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ ወጡ፣ እሷ ትጽፋለች። በመጨረሻ ሉኩን አራት ቦታ አጥፋ አመጣችው። አራት ነጥብ እንደቆመች ማንበብ ጀምራ ነበር፤ መሀሉ ላይ ስትደርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንብባ ስትጨርስ ዓይኗን ጠራረገችና፣ “የመጨረሻዋን አራት ነጥብ ረሳሻት” አለቻት፤ ሌላ የምትለው ጠፍቷት ነው።

“አልረሳኋትም። አላለቀማ።” ልጅቱ ወደ በሩ ሄዳ ተመለሰች። “ለማንም እንዳያሳዩብኝ።”

“ያንቺ ነው። አንቺ ካልፈቀድሽ ማንም አያየውም” አለቻት፤ ወረቀቱንም መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን በየቤቱ ደግሞ ሌላ ነገር እየተጋገረ ነበር።

“ዛሬ ምን ተማራችሁ?” ይላል አባት።

“ውሸት!” ይላል ልጅ።

“ምን?”

“ውሸት ነዋ! ከክፍሉ በደንብ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ቲቸር ‘ጎበዝ’ ብላኛለች።”

የዳይሬክተሩ ስልክ ፋታ አጣ። አንዲት እናት በአካል መጣች። ልጇ የአበባ ማስቀመጫ ሰብራ የሰበረችው ድመት ናት ብላታለች፤ ድመት ግን የላቸውም። “ድሮም ትዋሽ ነበር” አለች ሴትዮዋ በምሬት። “ግን ታስታውቅ ነበር። አሁን ድመቷ ጭራዋ ጫፍ ላይ ነጭ አለባት፣ አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ ነው ትለኛለች። ቤቱን ሙሉ ድመት ስፈልግ አመሸሁ እኮ!”

ዳይሬክተሩ አራት ነጥብን አስጠራት። “አንድ ብዬሽ ነበር” አለ። “እኔ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። በስብሰባው ላይ ተነሺና ይቅርታ ጠይቂ፤ ወደ ሞዴሉ ተመልሰናል በይ። ሌላውን እኔ አበርደዋለሁ።”

“ስሙን አበላሽቼዋለሁ፤ ለስሙ ይቅርታ እጠይቃለሁ” አለች። “ለሰዓቱ ግን አልጠይቅም።”

“እንግዲያውስ አንድ ሐሙስ ነው የቀራት።”

እውነትም አንድ ሐሙስ ነበር የቀራት፤ ስብሰባው ሐሙስ ከሰዓት ነው። አራት ነጥብ ረቡዕን ሙሉ ስትለጥፍ ዋለች። የእያንዳንዱን ልጅ ፈቃድ እየጠየቀች የክፍሉን ግድግዳ በጽሑፋቸው ሞላችው። ወላጆች ያነባሉ፣ አንብበው ይፈርዳሉ ብላ ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ ወረቀት ብቻ ከመሳቢያው አልወጣም።

ሐሙስ ወላጆቹ መጡና የልጆቻቸው ወንበር ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀመጡ። ልጆቹ ግቢ ውስጥ እንዲጫወቱ ተደረገ። አራት ነጥብ ተነስታ ስለ ስሙ ይቅርታ ጠየቀች። “ልጆቻችሁን ዋሹ አላልኳቸውም፤ ከራሳችሁ ፍጠሩ ነው ያልኳቸው። እንዴት እንደምነግራቸው ስለጠፋኝ ነው በዚያ ስም የጠራሁት። ግድግዳውን አንብቡና ፍረዱ” አለች። አንዳንዶቹ ተነስተው አነበቡ። ከኋላ በኩል አንድ ሳቅ አፈተለከ፤ እኚያ ባለ ጥርሱ አያት አፋቸውን በእጃቸው ከደን አድርገው፣ “ይቺ ነገረኛ” እያሉ ሲስቁ ታዩ። አራት ነጥብ ትንሽ ተስፋ ማድረግ ጀመረች።

ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ነው የተነሳው። ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ኖሮ ሜትሩ ዛሬም አንገቱ ላይ ነው፤ እጅጌው ላይ ክር ተጣብቋል።

“የሁሉም ልጅ ተለጥፏል፤ የኔ ልጅ የለም” አለ። “እንደጻፈች ነግራኛለች። ምን ጻፍሽ ስላት ‘ውሸት ነው’ ትለኝና ዝም። ልጄ ዋሽታኝ አታውቅም።” እጅጌው ላይ የተጣበቀውን ክር ነቅሎ ቀጠለ። “እኛ ቤት ያለነው ሁለት ነን። እሷ ከዋሸችኝ እውነቱን ማን ይነግረኛል? ወረቀቱን አሳዩኝ።”

“እውነታቸውን ነው!” አለች ባለ ድመቷ እናት። ክፍሉ አጉረመረመ።

“መምህርት፣ ወረቀቱን ይስጧቸው” አለ ዳይሬክተሩ፤ ሰው ፊት ሲሆን አንቱ ይላታል።

አራት ነጥብ የመሳቢያውን ቁልፍ ጨብጣ ቆመች። ብትሰጠው ሰውየው አንብቦ ምን እንደሚሆን አታውቅም። ምናልባት ይለሰልስ ይሆናል፣ ሰዓቷም ትተርፍ ይሆናል። ግን ያቺ ልጅ ስንት አርብ ሙሉ ዝም ብላ ኖራ ያመነቻት እሷን ነው። ያን እምነት ሸጣ የምታተርፋት ሰዓት ምን ልታስተምርባት ነው?

“አልሰጥም” አለች።

“ምን?”

“ወረቀቱ የልጅቱ ነው። ቃል ገብቼላታለሁ። እሷን እንጠይቃት።”

“የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው እኮ የምንጠይቀው!” ዳይሬክተሩ ፊቱ ቀላ። “እንግዲህ በቃ፣ ይቺ ሰዓት ከነገ ጀምሮ…”

አራት ነጥብ አልሰማችውም። መስኮቱን ከፍታ በእጇ ጠራቻት። ልጅቱ ሪባኗ ተፈትቶ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ገባች፤ የትልልቅ ሰው ጉልበት የሞላበትን ክፍል አይታ በሩ ላይ ቆመች። አራት ነጥብ ፊቷ ቁጢጥ አለችላት፣ በየአርቡ እንደምትለው።

“አባትሽ የጻፍሽውን ማየት ፈለጉ። አይሆንም ካልሽ መሳቢያው አይከፈትም፤ ማንም አይቆጣሽም። እኔ አለሁ።”

ልጅቱ አባቷን አየችው። ብዙ አየችው። አራት ነጥብ በአንጀቷ “እሺ በይ፣ እሺ በይ” ትላለች፤ ፊቷን ግን ድንጋይ አድርጋዋለች። ልጅቱ ከዚህ ፊት ምንም ነገር ማንበብ የለባትም፤ ስታነብ የኖረችው የሰው ፊትና የሰው ሰሌዳ ይበቃታል።

“እኔ ራሴ ላንብበው?” አለች ልጅቱ።

ወረቀቱ ወጣ። ልጅቱ ሰሌዳው አጠገብ ቆመችና በዚያች ቀጭን ድምፅ ጀመረች።

“ላም የቤት እንስሳ ናት። አራት እግር አላት። አንድ ቀን ደረጃ ወጣች። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። ሦስተኛው ላይ አምፖሉ ስለተቃጠለ በቀንዷ ግድግዳውን እየዳሰሰች አለፈች። ቤታችን ስትደርስ ማንም የለም። አባዬ ሱቅ ነው፣ እኔ ትምህርት ቤት ነኝ። ላሟ ወተት ልትሰጠን ነበር የመጣችው፤ የሚቀበላት ስላጣች የአባዬ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።”

ወላጆቹ ሳቁ። ልብስ ሰፊው አልሳቀም።

“ከበሩ ጀርባ ሰማያዊ ካፖርት ተሰቅሏል። ላሟ ‘አንተ የማን ነህ?’ አለችው። ካፖርቱም ‘የእናቷ ነኝ’ አላት። ‘ለምን አትለብስህም?’ አለችው። ‘ሞታለች’ አላት። ላሟም ‘ሦስተኛው ቁልፍህ ለምን የለም?’ አለችው። ካፖርቱም እንዲህ አላት፤ ‘ወድቆ ነው። አባቷ ለከተማው ሰው ሁሉ የወለቀ ቁልፍ ይሰፋል፣ የኔን ግን አይሰፋም። ከሥራ ሲገባ እጅጌዬን ይነካኝና ያልፋል። ስለ እሷ አያወራም። ልጅቱ እንዳታለቅስ ብሎ ነው። ልጅቱም አባቷ እንዳያለቅስ ብላ አትጠይቀውም። ሁለቱም እኔ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።’ ላሟ አዘነች። አፍንጫዋን ካፖርቱ ውስጥ አስገብታ አሸተተች። አሁንም እናቴን እናቴን ይሸታል”

እዚያ ላይ አቆመች። ባለ ድመቷ እናት መሀረቧን አውጥታለች። ልብስ ሰፊው የሜትሩን ሁለት ጫፍ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል።

ዳይሬክተሩ ወደ ልብስ ሰፊው ጠጋ ብሎ፣ “እንግዲህ… ቅሬታዎ…” አለ። “እንደው ይሄ ውሸት ነው ይላሉ ወይስ…”

“እኛ ቤት ላም ገብታ አታውቅም” አለ ልብስ ሰፊው።

ሰው ሁሉ ጠበቀው።

“ላሟ ውሸት ናት” አለ። ሜትሩን ለቀቀው። “ላሟ ብቻ ናት።”

ወንበሮቹን እየገፋ አልፎ ሄዶ ልጁ ፊት ተንበረከከ። የተፈታውን ሪባን ከአንገቷ ላይ አነሳ፣ ግን ማሰር አቃተው፤ ለካስ እንባው ዓይኑን ጋርዶታል። ልጅቱ ሪባኑን ከእጁ ተቀበለችው።

“ለምን አልጠየቅሽኝም የኔ እናት?”

“አንተስ ለምን አልነገርከኝም አባዬ?”

“ቤት ስንገባ ትጠይቂኛለሽ” አለ። “የፈለግሽውን ሁሉ ትጠይቂኛለሽ፣ እሺ?” ከዚያ እንደተንበረከከ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ። “ቅሬታዬን አንስቻለሁ። ሰዓቷን አትንኩብን። ብቻ ስሟን ቀይሩልን፤ ለሰው ሲያወሩት ደስ አይልም።”

“የኔዋስ ድመት?” አለች ያቺ እናት፣ በመሀረቧ ውስጥ ሆና።

“ድመቷን ትጻፋት” አለች አራት ነጥብ። “የሰበረችውን ግን ትጥረግ።”

ዳይሬክተሩ ወላጆቹን ቃኘ። የተቆጣ ፊት ፈልጎ አጣ፤ የተቆጣ ፊት ከሌለ ደግሞ እሱም ጠብ የለውም። “የእጅ ጽሕፈት ወደ ሰኞ ይዛወራል” ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። በፕሮግራሙ ላይ “የድርሰት ክፍለ ጊዜ” ተብሎ በወግ በማዕረግ ተጻፈ። ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ የውሸት ሰዓት ነው የሚሏት።

ሐሙስ አለፈና አርብ መጣ። የልብስ ሰፊው ልጅ ወረቀቷን ከመሳቢያው ተቀብላ መስኮቷ ሥር ተቀመጠች። ሪባኗ ዛሬም ተጣሞ ነው የታሰረው። አራት ነጥብ ዞር ዞር ስትል ቆይታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

“አባዬ ቁልፉን ሰፋው” ይላል አዲሱ ጽሑፍ። “ሰማያዊ ስላጣ ጥቁር ሰፋበት። ሁለታችንም አለቀስን። እናቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር አለኝ። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው፤ ከእሷ መሆኑን አላውቅም ነበር”

አራት ነጥብ ደግማ አነበበችው። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ እናት የተጻፈ የመጀመሪያው ድርሰት ይሄ ነበር። አሥር ከአሥር ልትሰጠው አልቃጣትም፤ ቀይ እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተችው።

“አሁንስ የመጨረሻዋን አራት ነጥብ አታደርጊያትም?” አለቻት ቀስ ብላ።

“አይ ቲቸር” አለች ልጅቱ። “ላሟ እኮ አሁንም ፎቅ ላይ ናት።”

“መውረድ አትችልም ብያለሁ!” አለ ጠበቃው ከኋላ።

“ትችላለች” አለች ልጅቱ፤ ዞር ብላ፣ ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማት ጮክ ብላ ነው። “እኔ አወርዳታለሁ። ቲቸር፣ ወረቀት ይጨምሩልኝ።”